ለጋሼ ከድር የላክሁት ማሽን

ከመቱ ልወጣ ዋዜማ፣ ሞባይል ጥገና ያስተማሩኝ ጋሼ ከድር ሊሰናበቱኝ ቤት መጡና «በዲግሪሽ ያጣሽውን በእጅሽ አግኚው» አሉኝ። ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ሞያሌ ላይ የኬንያው ሹም፣ ቦረና ነው መሰለኝ፣ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፦ «ሥራሽ?»

«የኤሌክትሪክ ኢንጂነር።»

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ብሠራማ አንተ ፊት ምን ገተረኝ?»

ሳቀና ማህተሙን መታልኝ።

እናንተዬ፣ እዚህ ናይሮቢ ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ መሀሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤ ማፍሰስ የሚባል ነገር አያውቁም! እሱን እየዋጥኩ ጥገና ቤት ተቀጠርኩ። ቆይቼም ከመንገድ ዳር ርካሽ ሆት ኤር፣ ያው ቺፕ ለመንቀል ሙቅ አየር የሚነፋውን ማሽን፣ ሁለት ገዛሁ። አንዱን ለራሴ፣ አንዱን በሰው ለጋሼ። እንዴት እንደኮራሁ!

አንድ እሁድ ክፍሌ ውስጥ ስልክ ጠግኜ ማሽኑን አጠፋሁትና ፍራሹ ላይ ጣል አደረግኩት። ደህናው ማሽን ጠፍቶም እስኪበርድ ይነፋል። የኔው ግን ትንፋሹን ቆርጦ እንደጋለ ቀረ። አከራዬ ማማ ሮዝ ጭሱን አይታ እየሮጠች መጣች።

«ምን እያቃጠልሽ ነው?»

«አይዞሽ፣ ኢንጂነር ነኝ።»

«እንግዲያው በኢንጂነርነትሽ አዲስ ፍራሽ ሥሪልኝ!»

በንዴት ማሽኑን ፈታሁት። ጉድ! የግራውንዱ ሽቦ፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሸኘው፣ ከማሽኑ ብረት ጋር አልተያያዘም፤ እንዲያው ተንጠልጥሏል። ኤሌክትሪኩ ብረቱን ከነካ መሄጃው የያዘው ሰው ነው። ጋሼ ደግሞ የሚሠሩት በነጠላ ጫማ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው!

ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያን ማሽን አሁኑኑ ይንቀሉት!»

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ነዝሮዎት አያውቅም?»

«ትንሽ ትንሽ ይነዝራል። ለሪሄ እኮ መድኃኒት ሆነልኝ! እትዬ አስካለም ከጎሬ በሚኒባስ እየመጡ ጉልበታቸውን ያስነካሉ።»

«ጋሼ! ይገድላችኋል እኮ! የላክሁት እኔ ነኝ፤ ለቀብርዎ መጥቼ ምን ብዬ ላልቅስ?»

«እሺ፣ ይኸው ነቀልኩት።»

«ታዲያ ይሄ ፉፉ የሚለው ምንድነው?»

«ዝናብ ነው።»

የመቱን ዝናብ ለኔ! በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለመስማት ስንቴ የተመኘሁትን! ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። «ጠቅ» የሚል ነገር ሰማሁ፤ ዝናቡም ባንዴ ቀጥ አለ።

ለዛሬ ማጥፋታቸው ነው።