በአባቴ ስም የዘመተችው አክስቴ

ሰባት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከሚዛን ተፈሪ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። የሚሊሺያ ምልመላ ሲመጣ አባቴ ተመዘገበ። እናቴ አራስ ነበረች፤ ከወለደች ጀምሮ ትኩሳት አልለቃት ብሏል።

አባቴና ታናሽ እህቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አንተ ብትሞት ሚስትህና ልጆችህም አለቀላቸው» አለችው። «እኔ ብሞት አንድ ሰው ነኝ።»

«አብደሻል? ሴት እኮ ነሽ!»

«ማን ያየኛል?»

አክስቴ ረጅም ነበረች፤ የቡና ጆንያ ከወንድ እኩል ትሸከማለች። በማግስቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የአባቴን ሱሪና ካፖርት ለብሳ ወደ ከተማ ሄደች። ስም የሚጠራው ሰው አያውቃትም። የአባቴ ስም ሲጠራ «አቤት» አለች። አብረዋት የተጠሩት ሦስት የመንደራችን ወንዶች ግን ያውቋታል፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም። አባቴም መንደር ውስጥ እንዳይታይ፣ እናቴን በቃሬዛ አሸክሞ ሁላችንንም ሸኮ ወደሚባል አገር፣ ዘመድ ዘንድ ወሰደን።

ከሁለት ዓመት በኋላ አክስቴ እያነከሰች ሸኮ ድረስ መጣች። ምሥራቅ ግንባር ላይ ጭኗን ተመትታ ነበር። ሴትነቷን ያወቀችው ነርስ «ቁስልህ ይድናል፣ ወንድሜ» ብላት የስንብት ወረቀቱን በአባቴ ስም አጽፋላታለች።

ወረቀቱን ይዘን ወደ መንደራችን ተመለስን። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አባቴን አስነሣና «ጀግናችን እንዴት እንደቆሰለ ይንገረን» አለ።

 አባቴ ከአክስቴ የሰማውን ጥቂት ተናግሮ ድንገት አቆመ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «የዘመተችው እህቴ ናት።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ማንም አልሳቀም። አባቴን የሚያስሩት መስሎኝ የአክስቴን ነጠላ ጨብጬ ያዝኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ጠባሳውን ላሳይዎት?»

«የለም፣ ይቅር።» ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው። «ወረቀቱ ሰውየው ዘምቷል ይላል። እኔ ከወረቀቱ አልበልጥም። ቀጣዩ አጀንዳ የመንገድ ጥገና ነው።»

አባቴን ማንም አልነካውም። አብረዋት ከዘመቱት ሦስት ወንዶች ሁለቱ ከግንባር ተመልሰው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲገናኙ አክስቴንም በግልጽ ያስጠሯት ጀመር። እኔ ስጠጋ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ምን እንደሚያወሩ አንድ ጊዜ ጠየቅኋት።

«ስለ ውሃ ጥም» አለችኝ።