መምሬ ዳኘውና የማይገጥመው በር

መምሬ ዳኘው ጋደም ብለው መተኛት ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከጀርባቸው የጤፍ ጆንያ አስደርገው፣ እንደ ተቀመጡ ያሸልባሉ። ጋደም ካሉ ውሃ ውስጥ እንደ ገባ ሰው ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

“ጻድቃን ቆመው ያድሩ የለም? እኔ ተቀምጬ ባድር ምን ይገርማል” ይላሉ ለሚጠይቃቸው።

ባለቤታቸውን አምለሰትን ይህ ቀልድ አስቋት አያውቅም። “የጻድቃን እግር እንዲህ አያብጥም ነበር” ትላለች፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀራል።

የሚያገለግሉበት የዋርካ ሜዳው ሚካኤል ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ያለ ትንሽ ደብር ነው። ድሮ አምስት ቀሳውስት ነበሩት። አንዱ ዐረፉ፤ ሁለቱ አገሩ ሲታወክ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው በዚያው ቀሩ። የቀሩት መምሬ ዳኘውና በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ቄስ ዘሩ ናቸው። ቅዳሴ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይሻል፤ አንዱ ቄስ ከጎደለ ይታጎላል። እንግዲህ የመምሬ ዳኘው ልብ የራሳቸው ብቻ አልነበረችም። በእሷ ላይ አንድ አጥቢያ ቆሞባታል።

በዚያ ጥር ወር ቡሬ ያገባችው ልጃቸው ትሕትና የወለደቻት ሕፃን የምትጠመቅበት ሰማንያ ቀኗ በመጪው እሑድ ይሞላ ነበር። በአጥቢያው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተወለደውን ሁሉ ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውንም በገዛ ደብራቸው፣ በገዛ እጃቸው ሊያጠምቋት ይናፍቃሉ። ከሰው የሸሸጉት ምኞት ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ትሕትና እናቷንም አባቷንም ይዛ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የምትከታተላቸው ዶክተር ዮርዳኖስ ደረታቸውን አዳምጣ ቀና አለች።

“ውሃ የሚቀንሰውን ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ አባ?”

“እወስዳለሁ።”

አምለሰት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሐኪሟ ይህን አየች።

“በየቀኑ?”

“በምቀድስበት ቀን እተወዋለሁ። ማግስቱን ግን ደርቤ እውጠዋለሁ።”

“ለምን?”

“ልጄ፣ ቄስ እህል ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚቀድስ። ደግሞስ መቅደስ ከገባሁ በኋላ ‘እትዉ በሰላም’ እስኪባል መውጣት የለ። ያ ክኒን እንደሁ ወደ ውጭ ሲያስሮጥ ቀጠሮ አያውቅ።”

“ማግስቱን ሲደርቡት ያለፈውን የሚክሱ መሰለዎት?”

“እኛ ዘንድ ስግደት ያስታጎለ ሰው በማግስቱ ጨምሮ ይሰግዳል።”

ዶክተር ዮርዳኖስ አልሳቀችም። “ሰውነት ንስሐ አይቀበልም አባ። ያመለጠው አመለጠው።”

አስተኝታ ሳይሆን እንደ ተቀመጡ ደረታቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አሳረፈችበት። በመሣሪያው መስታወት ላይ ግራጫና ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። መምሬ ዳኘው የራሳቸውን ልብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሰው ሁሉን አይቶ በሕይወት ያኖረችውን ልቡን ሳያያት ይሞታል።

“አራት ክፍል አላት” አለች ሐኪሟ። “ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ከመላ ገላዎ ደክሞ የተመለሰው ደም በቀኝ በኩል ይገባና ወደ ሳንባ ይላካል። እዚያ አየር ጠግቦ በግራ በኩል ይመለሳል። ከዚያ በታላቁ የደም ሥር ወጥቶ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይዳረሳል። በየመካከሉ በሮች አሉ፤ ወደ ፊት ብቻ የሚከፈቱ፣ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ። ይቺን ይዩዋት፤ በግራ፣ የላይኛውን ከታችኛው የምትለየው።”

አዩ። ሁለት ስስ ገጾች እንደ መቅደስ መጋረጃ ይገለጣሉ፤ ሊገጥሙ ይቀራረባሉ፤ ሳይነካኩ እንደ ገና ይለያያሉ።

“አትገጥምም” አሉ ቀስ ብለው።

“አትገጥምም። በየምቱ ከደሙ ገሚሱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሳንባዎ ላይ ውሃ የሚያቁረው እሱ ነው፤ መጋደም የከለከለዎትም እሱ ነው። ልጅ ሳሉ ጉሮሮዎን ታመው ያውቃሉ?”

“ቅኔ ቤት ሳለሁ ጉሮሮዬም ጉልበቴም አብጦ ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። እንጥሌን ቆረጡኝና ዳንሁ።”

“የዳነው ጉሮሮው ነው፤ ሕመሙ ልብዎ ውስጥ ቀረ። ያን ጊዜ መርፌ ቢወጉ…” አለችና ተወችው።

ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰውየው በሽታውን ረስቶ ዲያቆነ፣ ቀሰሰ፣ ወለደ፣ ዳረ። ልቡ ግን አልረሳችም። የልጅነት ቁስሏን ይዛ ዝም ብላ ስትሠራ ኖረች።

“ይቺ በር በቀን ስንቴ ትከፈታለች?” ሲሉ ጠየቁ።

“መቶ ሺህ ጊዜ ያህል።”

“ሰንበት የላትም?”

“በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ታርፋለች። ሰንበቷ እሱ ነው።”

 ሐኪሟ የቀረውን ነገረቻቸው። ለቀዶ ሕክምና ዘግይተዋል፤ አቅማቸውም አይችለውም። ክኒኑ ጧትና ከሰዓት፣ በዓልም ሆነ አዘቦት፣ አይታለፍም። ጾሞ ረጅም ሰዓት መቆም ቀርቷል። አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው ቢያደርጉ ትንፋሻቸው እዚያው መቅደስ ውስጥ ሊቆም ይችላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቄስ ዘሩ ሊጠይቃቸው መጣ። በደጃፉ ቆሞ ጭራውን በእጁ ያዟዙራል።

“እሑድን እንዴት እናርግ መምሬ? እኔ እንደሁ ለሁለት አልሰነጠቅ።”

“ብትሰነጠቅም ግማሽህ ያንቀላፋል፤ አውቅሃለሁ” አሉት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እቆማለሁ። ልጅቷን ላጥምቅና ከዚያ በኋላ ክኒኑም ይሁን፣ ሐኪሟም ያለችው ይሁን። አንድ ሰንበት ነው።”

ቄስ ዘሩ ደስታውንም ፍርሃቱንም መደበቅ አቅቶት መስቀል ተሳልሞ ሄደ።

አምለሰት ምድጃው አጠገብ ሽሮ ስትነፋ ሁሉንም ሰምታለች። ክኒኑን ሲያልፉ ዓመት ሙሉ አይታ ዝም ያለችው እሷ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይዘጋ እሷም ትፈልግ ነበርና። አሁን ወንፊቱን አስቀመጠች።

“ልጅቱን እንደ ያዙ ቢወድቁሳ?”

“እግዜር ያውቃል።”

“እግዜርማ ያውቃል። አገሩ ግን ሲያወራ ይኖራል። ‘አያቷ እሷን ሲያጠምቅ ሞተ’ እየተባለች ትደግ? የሚያወጡላት ስም እሱ ነው?”

መምሬ ዳኘው በጆንያቸው ላይ ተደግፈው አድረው፣ ወገግ ሲል ቤቱ ውስጥ ያለውን ጣሳ አነሡ። ውሃ ቀዱ። ክኒኑን ምላሳቸው ላይ አኖሩና ዋጡ። ያቺ አንዲት ጉንጭ ውሃ ከመቅደሱ ለየቻቸው።

ሊጠራቸው የመጣው ቄስ ዘሩ ጣሳውን አየ። “እንግዲያው የኪዳኑን ጸሎት ብቻ አድርሼ ሕዝቡን አሰናብታለሁ” ብሎ ብቻውን ወደ ደብሩ አቀና። አምለሰት ለትሕትና ስልክ ደውላ ሕፃኗ እዚያው ቡሬ እንድትጠመቅ ነገረቻትና ባጃጅ አስመጣች።

መንገዱ አቧራ ነው። ክኒኑም ሥራውን ጀመረ። ባጃጁን አንዴ አስቆሙ፤ ጥቂት ሄደው ደግሞ አስቆሙ።

“አባ፣ ምነው ራዲያተርዎ ያፈሳል እንዴ?” አለ ሹፌሩ፣ በአክብሮት ሊያሾፍ እየሞከረ።

“አይ ልጄ፣ የሚያፈስስ በሩ ነው” አሉት ከቁጥቋጦው ጀርባ።

ቡሬ ሲደርሱ ጥምቀቱ አልቆ ቅዳሴው ተጀምሯል። አምለሰት ገባች። መምሬ ዳኘው የቀመሱ ናቸውና በቅጥሩ ውስጥ፣ ከሕንፃው ውጭ፣ ልጅ ካዘሉ ሴቶች አጠገብ ቆሙ። ቄሱ የሚለውን በከንፈራቸው ይከተላሉ። አንዳንዴ ይቀድሙታል፤ ቀድመው ያቆሙና ይጠብቁታል። እንዲህ ሆነው እንኳ መስቀል የሚሳለማቸው ሰው አልጠፋም፤ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩ።

ሲያበቃ ትሕትና በነጭ ነጠላ የተጠቀለለችውን ይዛ ወጣች። ማተቡ አንገቷ ላይ ነው። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሕፃኗ ቀላል ነበረች፤ ይሁንና ትንፋሻቸው ወዲያው አጠረና አምለሰት እጃቸውን ከሥር ደገፈችላቸው። እንዲህ ለሁለት ያዟት።

“ማን አሏት?” አሉ መምሬ ዳኘው። የክርስትና ስም አውጪው እሳቸው ናቸውና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄ ለእሳቸው ሲቀርብ ኖሯል፤ ሲጠይቁ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

“ወለተ ሥላሴ፣ አባዬ።”

“መልካም ስም ነው።”

በመልሱ መንገድ አምለሰት፣ “እርስዎስ ማን ሊሏት አስበው ነበር?” አለቻቸው።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው ውጭ ውጭውን ያያሉ። የታጨደ ማሳ፣ የተከመረ ጭድ፣ ከኪዳን ተመልሰው በየደጃፋቸው የተቀመጡ ነጭ የለበሱ ጥቂት ሰዎች።

“ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው” አሉ።

ሌላውን ስም ለማንም አልነገሩም።