የዲስኩ መርዶ

የበደሉኝ ጋሼ ተሾመ ናቸው፤ ጊዜውም ጃንዋሪ 2021። ሰው ሁሉ ስለሚወዳቸው እስከ ዛሬ አፌን ዘግቼ ኖሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ግን ጎረቤቴ አልማዝ ደወለች። «ናዝሬት ያሉት የጋሼ ተሾመ ወንድም አርፈዋል። እሳቸው ገና አልሰሙም፤ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን እናረዳቸዋለን። አደራሽን!» ስትለኝ ያ ላፕቶፕ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ባለቤቴ ሰይድ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኢስተን በሚባል ሰፈር ያለ ሆቴል ሹፌር ነበር። በ2020 ሆቴሉ ሲዘጋ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ባለችው ቤታችን ኩሽና ላፕቶፑ ፊት እየተቀመጠ ለልጃችን ለሃናን የልጅነቱን ታሪክ በድምፁ ቀዳላት፤ የደሴን ብርድ፣ የአባቱን በቅሎ፣ ከቤት የጠፋበትን ቀን። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ኖቬምበር ላይ ኮቪድ ወሰደው።

መሞቱን ሐኪሞቹ ደውለው ለሃናን ነገሯት። ከእኔ ግን ሰው እስኪሰበሰብ ተብሎ አንድ ቀን ሙሉ ተደበቀ። ያን ቀን እኔ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚጠጣውን ሾርባ እየሠራሁ ነበር። ይደበቅ ያሉት ጋሼ ተሾመ ናቸው።

በጃንዋሪ ላፕቶፑ መንቀራፈፍ ጀመረ። የሰፈሩን ሐበሻ ኮምፒውተር በነጻ የሚያዩት እሳቸው ስለነበሩ ጠራኋቸው። በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው ገቡና «ዲስኩን ቼክ እናደርገዋለን» አሉ። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ፈጀ። የምስር ሳምቡሳ ይዤ ስመጣ ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ወጥቷል። ቶሎ ዘጉት።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ምንም። ንጹህ ነው። ይልቅ ሳምቡሳው ሳይበርድ አምጪው።»

ከዚያ ወዲህ ባሰበት። የሰይድን ድምፅ ከፍቼ እስኪሰማ ድረስ ሻይ ይፈላል። ስደውልላቸው «አጥፍተሽ አብሪው» ይሉኛል። አንዴ ሰው በተሰበሰበበት ስልካቸውን ስፒከር ላይ አድርገው፣ «ዘሀራ፣ ኮምፒውተሩ አልዘገየም፤ አንቺ ነሽ የቸኮልሽው!» አሉ። ሳቁ ተሰማኝ።

ሃናን «ማም፣ ጀስት ቴክ ኢት ቱ ኤ ስቶር» አለችኝ። እኔ ደግሞ በነጻ የደከሙትን ሰው አልፌ ሱቅ መሄድ ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ማርች ላይ ጭራሽ አልነሳም አለ። ብሮድ ስትሪት ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው ፋይሉ ሁሉ ያለበት ዲስክ ሞቷል፤ የሚተርፍ ነገር የለም አለኝ። ቼክ ሲደረግ በዚያ የእንግሊዝኛ መስመር እየሞተ መሆኑን ተናግሮ ነበር ማለት ነው። የሚንቀራፈፈው የተጎዳውን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል ነው። ያኔውኑ ፋይሉን ገልብጦ መዝጋት ነበር። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ እየከፈትኩ ጨረስኩት።

ጋሼ ተሾመን ጠየቅኳቸው። አልካዱም።

«አይቼዋለሁ። ሐዘንሽ ላይ ሐዘን አልጨምርም ብዬ ነው። ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይበልጥ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። የራሴን ጉዳይ የማውቅበትን ሰዓት የሚመርጡልኝ ማን ሆነው ነው? ያኔ ቢነግሩኝ አልቅሼ ስጨርስ ድምፁን አተርፈው ነበር።

ሐሙስ ዕለት አልማዝን «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ጋሼ ተሾመ ጋ ደወልኩ። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ወንድማቸው መሞታቸውን ነገርኳቸው።