የላይኛው ሰፈር ጎርፍ

የልጄ ላቫጆ በከተማችን የላይኛው ሰፈር፣ ሼቻ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ ያጥባል፤ የሞተር ዘይትም ይቀይራል። እኔ የምኖረው ከቁልቁለቱ በታች፣ ሲቀላ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የልጄን ጥቁር ዘይት፣ የመንገዱን ፌስታልና የየግቢውን እጣቢ እየሰበሰበ በደጃችን ቦይ ያልፋል። ቦዩ የሚያበቃው ደግሞ በጎረቤቴ ጓሮ ነው። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የምትተዳደረው በጓሮዋ ሙዝና እኛ ሃለኮ በምንለው የሽፈራው ቅጠል ነው።

ባለፈው በልግ ቦዩ ሞልቶ ፈሰሰና ጓሮዋን ዘይት በጠገበ ደለል አለበሰው። ቅጠሏን አጥባ ገበያ ወጣች። ደንበኞቿ አሸተቱና መለሱላት። «ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አሏት። ይዛው ተመለሰች፤ ለፍየል እንኳ አልሰጠችውም።

እድራችን ተሰበሰበ። ማዘጋጃ ቤቱ «በጀት ሲገኝ» ብሎ ስለመለሰን፣ ቦዩንና ጓሮውን ማን ያስጠርግ የሚለውን ራሳችን መወሰን ነበረብን። ሊቀመንበሩ «እኩል እናዋጣ» አለ። ሁሉም እፎይ አለ። እድር የለመደው ይህንኑ ነው። ሞት ሲመጣ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል፤ ደግ ሥርዓት ነው፤ ሞትን ከግቢው የለቀቀው ሰው የለምና። ይህን ቆሻሻ ግን የለቀቁት ሰዎች አሉ።

ከሁሉ ቀድማ የነጠላዋን ጫፍ መፍታት የጀመረችው ጎረቤቴ ነበረች። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«አንቺ ደግሞ የምን ልትከፍዪ ነው? የተበላሸው ያንቺው ጓሮ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ከሰው ልለይ? ነገ ስሞት ድንኳን ብትከለክሉኝስ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያደግሁት ጨንቻ በኩል ነው፤ እዚያ ከብቱ የሰው እንሰት የበላበት ሰው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ፣ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ይክሳል። ባለእንሰቷ አታዋጣም። ይህንኑ ተናገርኩ።

አንድ ባለሱቅ ከኋላ፣ «ጋሼ፣ በረቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል? ከብቱ እኮ ከእርስዎ ቤት ነው የወጣው!» አለኝ።

ልጄም የእድሩ አባል ነው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «አባባ፣ ዘይቱ የእኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ዝናቡንስ እኔ ነኝ የማዘንበው? የላይኛው ሰፈር ቆርቆሮ ሁሉ፣ አስፋልቱም ሆቴሎቹም የሚለቁት ወደዚሁ ነው። እነሱ ስላልመጡ እኔ ብቻዬን ልጠየቅ?»

እውነቱን ነበር። ከላይ ካሉት ሁሉ ልንጠይቀው የምንችለው እሱን ብቻ ነው፤ በቅርብ ያለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የራቀውን ሰው ሸክም ጭምር ይሸከማል። ቢሆንም «የሌላው ጥፋት ያንተን ድርሻ አያነሣልህም» አልኩት፣ ሰው ሁሉ ፊት። ያን ምሽት እናቱ እራቴን አቅርባልኝ ወጣች፤ አብራኝ አልተቀመጠችም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ እንዳትከፍል፣ ልጄ ጓሮዋን እንዲያስጠርግና ላቫጆው ውስጥ ዘይቱን የሚያስቀር ጉድጓድ እንዲቆፍር፣ ሌሎቻችን ቦዩን እንድናስጠርግ ተስማማን። ልጄ ቃሉን ጠበቀ። በዘይት የተነከረውን አፈር አስዝቆ አዲስ አስደለደለላት፤ ጉድጓዱንም በሲሚንቶ አስለሰነው። አላመሰገንኩትም። ሰው ድርሻውን ስለተወጣ አይመሰገንም ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። አሁን ሳስበው አንድ ቃል ብናገር አይጎዳኝም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠራኝና ቁልቁለቱን እያረፍኩ ወጣሁ። ጉድጓዱ በጥቁር ዘይት ሞልቷል።

«አስወጣዋ» አልኩት።

«የት ልድፋው? ገደሉ ላይ ብደፋው ዞሮ የሚገባው ከታች ካለው ሐይቅ ነው። የቆሻሻ መኪናው ፈሳሽ አልጭንም ብሏል። ብቀብረው የሰው መሬት ነው። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው የጠራሁህ።»

አላወቅሁም። ማን ይክፈል ብዬ ስከራከር፣ ከተከፈለ በኋላ ቆሻሻው የት እንደሚሄድ አላሰብኩም ነበር። ዘይቱን በጀሪካን እየቀዳን እስኪመሽ ሠራን። የላቫጆው ግቢ ጠባብ ስለሆነ የተረፈውን በባጃጅ ወደ እኔ ቤት አወረድነው።

ጀሪካኖቹ ዛሬም አጥሬ ሥር ተደርድረዋል። የሚወስዳቸው እስካሁን አላገኘንም። ከአጥሩ ማዶ ሃለኮው እንደገና አቆጥቁጧል፤ ለገበያ ግን ገና ነው። ሰማዩ በከበደ ቁጥር ጎረቤቴ ብቅ ትልና፣ «ወንድሜ፣ ክዳናቸው ጠበቅ ብሏል?» ትለኛለች። እኔም ተነሥቼ አንድ በአንድ አጠብቃቸዋለሁ።