የእብናት ከብቶችና የባቄላው ጆንያ

ደብረ ታቦር፣ ንጋት

ከቤት የወጣሁት ብርዱ ጣት ሲቆርጥ ነው። የምሄደው እብናት ነው፤ የከብት አርቢዎችን ማኅበር ምጣኔ ሀብት፣ የመረጃ አያያዝና ጽሕፈት ላስተምር። እኔ ራሴ ኮሌጅ አልገባሁም፤ የማውቀውን የተማርኩት ልጆቼ ከጨረሱት ደብተርና ከተዋስኩት መጽሐፍ ነው። ማታ እራት ላይ እንደ ወትሮዬ ልጆቼን የፈተና ውጤታቸውን በየተራ አስጠርቼ ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ ውጤቷን ደበቀችኝ፤ ተቆጣኋት። በዚያው ተኮራርፈን አደርን።

ሚኒባሱ ጋፋትን በጉም ውስጥ አልፎ ቁልቁለቱን ተያያዘው። አቧራው በመስኮት እየገባ፣ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር እየተጋጨ፣ ካፖርቴን አውልቄ እብናት ደረስኩ። የበላሁት ሽሮ ዋጋው ጨምሮ ሳህኑ ጠቧል፤ ለትምህርቱ ምሳሌ ይሆነኛል ብዬ ከፈልኩ።

እብናት፣ ቀትር

የዕለቱ ትምህርት ሥራም ነበር፦ የማኅበሩን ከብት ደምረን፣ በጋውን የሚያሻግር ፉርሽካ ከደብረ ታቦር ዱቄት ፋብሪካ በደብዳቤ ማዘዝ። አምና ቁጥሩ አንሶ ስለተነገረ መኖው ዝናብ ሳይመጣ አለቀ። የተማሪዬ የጥሩዬ ላም የሞተችው ያኔ ነው።

ከሽማግሌው ጀመርኩ። "አያ ደምሌ፣ ስንት ከብት አለዎ?"

"አለች አንዲት ጊደር።"

"ጊደሪቱ ብቻዋን ነው በረት ሙሉ እበት የምትጥለው?" አለች ጥሩዬ ከኋላ።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔማ ምን አለኝ፣ ድሃ አይደለሁ!"

በአገራችን ከብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረውን ዐይን ይበላዋል ይባላል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ደክሞኝ ስለነበር ተቆጣሁ። በውሸት ቁጥር የታዘዘ መኖ እውነተኛ ከብት ይገድላል ብዬ ገሠጽኳቸው።

አያ ደምሌ በእርጋታ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "መምህር፣ አንቱስ ስንት ልጅ አለዎ?" አሉ።

"አሉ ጥቂት፣ ይመስገን" አልኩ፤ ሳላስበው።

የተሰበሰብንበት ቤት በሳቅ ተናጋ። "ጽፈነዋል፣ ጥቂት!" አለች ጥሩዬ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ትዝ አለኝ። ማን ስንት እንደጣለ አይታይም፤ ድምሩ ግን አይዋሽም። ባቄላ አስመጣሁ፤ ጓዳ ውስጥ ጆንያ አኖርን። እያንዳንዱ ብቻውን እየገባ ለአንድ ከብት አንድ ባቄላ እንዲጥል ተስማማን። "ቆዩ፣ ሲወድቅ ድምፁ ይቆጠራል" ብለው አያ ደምሌ ከሥሩ ጭድ ጎዘጎዙበት።

ዘርግፈን ስንቆጥረው በአፍ ከተነገረው እጥፍ አልፎ ተገኘ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ደብዳቤውን ጥሩዬ ዘንድሮ በተማረችው ጽሕፈት ራሷ ጻፈችው፤ "እንዳይዘገይብን" ከሚለው ሥር ሁለቴ አሰመረች።

መልስ

ፋብሪካው በሩን ሊዘጋ ሲል ደርሼ ደብዳቤውን አስረከብኩ። እግሬ አብጦ ቤቴ ገባሁ። እራት ቀረበ፤ ልጆቹ ጥያቄዬን እየጠበቁ ዐይናቸውን ሳህኑ ላይ ተከሉ። ሰው እውነት እንዲናገር መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ ሳይዋረድ እውነቱን የሚያኖርበት ስፍራ ሊሰጡት ይገባል። ይህን ለማወቅ እብናት ድረስ መሄድ ነበረብኝ። አልጠየቅኋቸውም።

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?" አለች ባለቤቴ።

"ደክሞኛል" አልኳት። እሱም እውነት ነው።

ሁለተኛዋ ልጄ እጄን ልታስታጥበኝ ስታጎነብስ ውጤቷን በጆሮዬ ነገረችኝ። ዝቅ ያለ ነበር።

"ነገ አብረን እናየዋለን" አልኳት።