ከንቲባው በር ላይ የተቀመጠው ጆንያ

በእኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚይዘው ሰው አይደለም፤ ጆንያ ነው። እህሉን ያመጣ ሰው ጆንያውን ከመጨረሻው ጆንያ ኋላ ያቆምና ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ቢፈልግም ጋደም ብሎ ይነሳል። ሲመለስ ጆንያው ወደፊት ተገፍቶ ይጠብቀዋል። የሌላውን ጆንያ ወደኋላ ገፍቶ የራሱን ያስቀደመ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ጆንያዎቹ እንደ ሰው ይታወቃሉ። አፉ በቀይ ጨርቅ የታሰረው የዳቦ ጋጋሪዋ ነው። ጎኑ በሰማያዊ ሸራ የተጣፈው የጡረተኛው ፖስተኛ ነው።

የወፍጮው ባለቤት እትዬ ናት። በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላት። ባሏ ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ "ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው፤ ሸጠሽ ተገላገይ" አላት። እሷ ግን መሮና መዶሻ አንስታ የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ተማረች። መጀመሪያ ላይ ጣቷን ስትመታ፣ ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ሲል፣ ሰው ሁሉ "ዛሬስ ጥርሳችንን አስፈጨሽን" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች፤ በማግሥቱ ድንጋዩን አንስታ እንደገና ትወቅራለች። በዚያ ወፍጮ አንዲት ልጇን አሳደገች። እንዲህ ያለች ሴት ጎረቤቴ ስለሆነች ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ልጇ ኮሌጅ በገባችበት ክረምት የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ማዘጋጃ ቤቱ ለጊዜው ብሎ ከድልድዩ ማዶ ካለው ትራንስፎርመር ጋር ቀጠለን። ልጅቷ ኮሌጅ ጨርሳ አስተማሪ ሆነች፤ ያ "ለጊዜው" ግን አላለቀም። የሚመጣልን ኃይል አምፖል ያበራል፣ ሬዲዮ ያናግራል። የወፍጮ ሞተር የሚያዞረው ግን ማለዳ ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሞተሩ ያቃስታል፣ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ድንጋዩ ይቆማል።

"ደከመው" ትላለች እትዬ፣ ስለ ሽማግሌ እንደምታወራ።

የጆንያው ወረፋ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ተከትሎ ሄደ። ሰው እየሰለቸው እህሉን በታክሲ ጭኖ ድልድዩን መሻገር ጀመረ። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴም ቤቱን መጋዘን ላድርገው እያለ ይመላለስ ያዘ። "ሞተሩንም በቁርጥራጭ ብረት ሂሳብ እወስድልሻለሁ" አላት፣ ውለታ እንደሚውል ሰው። እትዬ ሞተሩን ዞራ አየችው። "ከከንቲባው ምርጫ በኋላ መልሱን እነግርሃለሁ" አለችው። ወፍጮው ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው ነገር በምርጫው ላይ ተንጠለጠለ።

ማዘጋጃ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በሰው ላይ ለመፍረድ እንዳልቸኩል ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። እትዬ በሄደች ቁጥር ወንበር ይስቡላታል፣ "እናቴ፣ ይቀመጡ" ይሏታል። ኃላፊው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስክትጨርስ ያዳምጣትና "ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው" ብሎ እስከ በሩ ይሸኛታል። ያኔ የነበሩት ከንቲባ ራሳቸው አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ አፍንጫቸውን በነጭ መሐረብ ሸፈን አድርገው፣ "ችግራችሁን እንጋራለን" ብለው ሄደዋል።

"እኔስ ለመጋራት አልሰስትም" አለ ጡረተኛው ፖስተኛ መኪናቸው ሲርቅ። "የእኔን ድርሻ ሙሉውን ይውሰዱት።"

ሰው ሳቀ። እትዬም ሳቀች። ያን ጊዜ ገና ሳቅ ነበራት።

አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተብላ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ ዋለች። ወፍጮ ቤት ደንበኛ ቆሟል። ኮሪደሩን ትታ ከሄደች ደግሞ ነገ ከመጨረሻ ልትጀምር ነው። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችውን አደረገች። ቤት ደርሳ ግማሽ ድረስ ፍሩሽካ የሞላ ጆንያ አመጣች፣ አፉን አሰረች፣ ከኃላፊው በር ፊት አቆመችው።

"ተራዬን ይይዝልኛል" አለችው ለጥበቃው።

በማግሥቱ ስትመጣ ጆንያው የለም።

"ጆንያዬስ?" አለች።

"የቱ ጆንያ?" አለ ኃላፊው።

"ተራዬን የያዘው።"

ከውስጥ አንዲት ጸሐፊ ፍርስ ብላ ሳቀች። ሌላው ተከተላት። ኃላፊው ጨዋ ሰው ስለነበር ከንፈሩን ነክሶ ታገለ፤ በመጨረሻ እሱም አልቻለም። ጆንያው ጓሮ፣ ከቆሻሻ በርሜሉ ጎን ተገኘ። ድመት ተኝታበታለች።

እትዬ ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሰፈር ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። አላለቀሰችም። "ሳቁብኝ" ብቻ አለችኝ። ስንት ዓመት መመላለሷን፣ የሞተሩን ማቃሰት፣ የነጋዴውን ነገር አላነሳችም። "ሳቁብኝ" አለችና አለፈች።

ወሬው ሰፈር ለሰፈር ዞሮ አንድ ሰው ጆሮ ደረሰ። ይህን ሰው በርበሬው ይሉታል። ሲናገር አጠገቡ ያለውን የሚያስነጥስ፣ ምክር ቤት ውስጥ ጠረጴዛ በጡጫ መትቶ ብርጭቆ የሰበረ፣ ለከንቲባነት የሚወዳደር ሰው ነው። ባለሥልጣኖቹን "እንቅልፋሞች" ይላል፤ የራሱን ፓርቲ ሽማግሌዎች ሳይቀር "የሙዚየም ዕቃ" ብሏቸዋል። ቃል የማይገባበት ነገር የለም፤ እንዴት እንደሚፈጽመው ግን ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ይህን እትዬም ታውቃለች። ነገር ግን አንድ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዞ እንዲህ አለ፦

"አንዲት እናት ተራዋን በጆንያ አስይዛ ሄደች። ጆንያዋን ወርውረው ሳቁባት! እኔ ይህን ስሰማ አልሳቅሁም። ደሜ ነው የፈላው!"

እትዬ ሕዝቡ መሐል ቆማ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላያትም፤ ማንነቷን የሚያውቅም ብዙ አልነበረም። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሸክሟን አንድ ሰው ከኋላ ደገፍ ያደረገላት ይመስል።

እራት ላይ ልጇ ነገሩን አነሳችው።

"እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ ተሳዳቢ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ውሸታምም ነው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ታዲያ ምኑን ወደድሽው? ተማሪዎቼ እንደሱ ቢናገሩ ከክፍል ነው የማስወጣቸው!"

እትዬ ሳህኗን ገፋ አደረገች። "ልጄ፣ እነዚያ ይሄን ሁሉ ዓመት በትሕትና ሸኙኝ። ስለ እኔ የተናደደ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። ይሄ ተናደደ። ለራሱ ጥቅም ይሆናል፤ ቢሆንም ተናደደ።"

"ንዴት ትራንስፎርመር አያመጣም።"

"ትሕትናም አላመጣም።"

ልጅቷ እጅ አልሰጠችም። በዚህ ቁርጥ እናቷን ነው የወጣችው።

ምርጫው ሲቃረብ በርበሬው ራሱ ወፍጮ ቤቱ መጣ። ማለዳ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ጆንያዎቹ ከበር እስከ አጥር ተሰልፈዋል። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ተከታዮቹ ቀድመው ደረሱ።

"መድረክ የታለ?" አለ አንዱ።

"ወፍጮ ቤት ምን መድረክ አለው?" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

"ይኸው መድረክ!" አለና የመጀመሪያውን ጆንያ ብድግ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጆንያ በጆንያ ላይ ተቆለለ። በርበሬው ዘሎ ወጣበትና እጁን ዘረጋ።

"ይህ ሕዝብ ተራ ጠብቆ ጠብቆ መሮታል! ከእንግዲህ ተራ አንጠብቅም!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ጡረተኛው ፖስተኛ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። ዳቦ ጋጋሪዋ ድምፅዋ እስኪሰልል ጮኸች፤ ጮኻ ስትጨርስ ዞር አለችና "እንዴ! የእኔ ጆንያ የት ሄደ?" አለች።

ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ አየ። ወረፋው የለም። ያለው ክምር ነው። አንዷ "እኔ ሁለተኛ ነበርኩ" ስትል ሌላዋ "በየትኛው ዓይንሽ?" አለቻት። ጎረቤት ከጎረቤት አፍ ሊካፈት ሆነ። በርበሬው ግን ከክምሩ ወርዶ የሰዉን እጅ እየጨበጠ ወደ በሩ አመራ።

እትዬ ማብሪያውን ወደ ታች መታችው። ሞተሩ ዝም አለ። በዚያ ቤት በማለዳ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም።

"ወንድሜ፣ ወዴት ነው?" አለች በሩ ላይ ቆማ።

"ሌላ ሰፈር ይጠብቁኛል፣ እትዬ" አለ በርበሬው። ስሟን ተምሯል።

"እዚህም የሚጠብቁህ አሉ። የቆምክበት የሰው ወረፋ ነው። ወደ ቦታው መልሰው።"

አንዱ ካናቴራ ለባሽ መሐል ገባ። "ሴትዮ፣ ዞር በይ። ልጆቹ ያስተካክሉታል።"

"ልጆቹ አይደሉም የቆሙበት።"

የበርበሬው ፊት ተለዋወጠ። ሰው ፊት ሲቃወሙት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። "ትራንስፎርመሩን የማመጣልሽ እኔ መሆኔን ረሳሽው?" አላት።

"የዚያን ቀን እመርቅሃለሁ" አለች እትዬ። ድምፅዋን አላነሳችም። "አሁን ግን ኃይሉ ሊሄድ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ዱቄቱን ሳይዝ ሊገባ ነው። 'ጆንያዋን ወረወሩት' ብለህ የጮኽክልኝ አንተ አይደለህም? አንተም እኮ ወረወርከው።"

ልጇ ወደ ትምህርት ቤት ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። በርበሬው ክምሩን አየ፣ እትዬን አየ፣ ሰዉን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለካናቴራ ለባሹ ሰጠና አንድ ጆንያ አነሳ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ! ከቀይ ጨርቁ ቀጥሎ!"

"ውሸቷን ነው፤ ከቀይ ጨርቁ ቀጥሎ እኔ ነኝ!"

"እሱን ተዉት፣ የእኔን መጀመሪያ…"

"ዝም በሉ!" ብሎ አንባረቀ በርበሬው። "በተራ ተናገሩ!"

"ሰማችሁ?" አለ ጡረተኛው ፖስተኛ። "ከእንግዲህ ተራ አንጠብቅም ያለን ሰውዬ ነው እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በርበሬው መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ግን ጆንያ ታቅፎ መቆጣት አይመችም። እሱም ሳቀ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኖ፣ ላቡ ከዱቄት ጋር ተላቁጦ፣ የመጨረሻውን ጆንያ ከአጥሩ ጥግ አቆመ። ሲወጣ ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ "አንቺ ተቃዋሚዬ ብትሆኚ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር" አላት። እትዬ ማብሪያውን ወደ ላይ መለሰችው።

"አየሽው?" አለች ልጇ። "በዓይንሽ አየሽው። አሁንም ትመርጪዋለሽ?"

"እመርጠዋለሁ።"

"እማዬ!"

"ስናገረው ሰማኝ፣ ልጄ። እነዚያ ስናገራቸው ወንበር ነው የሚስቡልኝ።" እህሉን ወደ ማፍሰሻው ገለበጠች። "ግን ዓይኔን ከእግሩ ላይ አልነቅልም። የት እንደሚቆም አያይም።"

በምርጫው ቀን እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ። ልጅቷ የቀድሞውን ከንቲባ መረጠች፤ ለእናቷም አልደበቀቻትም። እንደሄዱት ተያይዘው ተመለሱ።

በርበሬው አሸነፈ። ነጋዴው ውጤቱ በተሰማ ማግሥት ከተፍ አለ።

"ይኸው ምርጫው አለቀ፣ እትዬ።"

"አለቀ። ሞተሬም አይሸጥም።"

"ትራንስፎርመሩ መጣልሽ እንዴ?"

"ተራ ልይዝ ነው" አለችው።

አዲሱ ከንቲባ ቢሮ በገባ ዕለት እትዬ አንድ ጆንያ ሞላች። የአሁኑ ፍሩሽካ አይደለም፤ ምርጥ ስንዴ ነው። ድመት የሚተኛበት እንዳይሆን ጢም አድርጋ ሞላችው። ልታነሳው ስትታገል ልጇ በሌላኛው በኩል ያዘችላት።

"አንቺ እኮ አልመረጥሽውም" አለች እትዬ።

"አልመረጥኩትም። ከንቲባነቱ ግን ለእኔም ነው። ባይሆን አንቺ በዚያ በኩል ከፍ አድርጊው፣ እኔ ላይ ወደቀ።"

ጥበቃው ያው የድሮው ነው። ሁለቱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። "እናቴ፣ ደግሞ መጡ?"

"መጣሁ።" ጆንያውን ከከንቲባው በር ፊት አቁመው እጃቸውን አራገፉ። "ተራ ነው።"

ጥበቃው ጆንያውን አየ። በሩን አየ። ከውስጥ በርበሬው ስልክ ላይ ሲጮህ ይሰማል፤ በማን ላይ እንደሚጮህ ግን አይታወቅም። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሳበና ለጆንያው ቦታ ለቀቀለት።

ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። እትዬም ማለዳው ሳያልፍ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች፤ ደንበኛ ይጠብቃታል። እኔ በሌላ ጉዳይ ረፋዱ ላይ በዚያ ኮሪደር ሳልፍ ጆንያው እንደቆመ ነበር። ከኋላው አፉ በቀይ ጨርቅ የታሰረ ሌላ ጆንያ ቆሟል። ከእሱም ኋላ ጡረተኛው ፖስተኛ ጎኑ በሰማያዊ ሸራ የተጣፈውን እየጎተተ ደረጃውን ይወጣ ነበር።