በሬ የሚጠይቀው ሪፖርት

ከጠዳ ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ከየትነበርሽ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ላፕቶፓቸውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈዋል። ስልካቸው ጮኸ። የደዋዩ ቁጣ እሷ ድረስ ይሰማል።

«አያ ዳኛው፣ አዲ አርቃይ ቅርንጫፍ ድረስ አስቆጣሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «የማር ሽያጩን ሪፖርት በየማለዳው የሚልከው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ሰላምታ ሳይሰጡ ቁጥር መላክ ነውር ነው ብዬ፣ እያንዳንዱን የቅርንጫፍ ኃላፊ በስሙ ጠርቶ፣ ቤተሰቡንና ከብቱን ጠይቆ እንዲጀምር ማክሮ የሚባለውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ጻፍኩለት። በሬዎ ገደል መግባቱን ታዲያ ማን ነገረው? ከነገ ጀምሮ ስለ በሬ ትንፍሽ አይልም።»

ላፕቶፑን ከፍተው በአንድ ጣት ጠቅ ጠቅ አደረጉና በሬውን ሰረዙት። የትነበርሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

ወዲያው ስልካቸው ላይ መልእክት ገባ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመቀመጫቸው ብድግ ሲሉ አናታቸው ከሚኒባሱ ጣሪያ ጋር ተጋጨ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ለስልኩ፣ አናታቸውን እያሹ።

«ማን ነው አያ?»

«ኮምፒውተሬ ነው። ከሁሉም በኋላ ለእኔም ይልክልኛል።»

የትነበርሽ አሻግራ አነበበች፦ «እንደምን አደሩ? ባለቤትዎ ባንቺአየሁስ ደኅና ናቸው?»

ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙ ላይ የተሰፋውን የሐዘን ጥቁር ጨርቅ ደባበሱት።

«ይህንንስ አይሰርዙትም?» አለች ቀስ ብላ።

«ምነው ልጄ! ሰዉ ሁሉ መጠየቅ ትቷል፤ እሱ እንኳ ይጠይቃት።»